በሂደት ላይ ያለን የመረጃ ጭነት ከትእዛዝ መስመር ሲቆጣጠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አብዛኞቹ ስህተቶች የሚመነጩት በተርሚናሉ ላይ የሚታየው ፕሮግራምና መረጃውን ወደ ዳታቤዝ የሚጭነው ሥራ አንድ ናቸው ከሚል ግምት ነው። የኦራክል ዳታቤዝ የመረጃ መጫኛ መሣሪያ በሆነው በዳታ ፓምፕ ሥራውን የሚያከናውኑት በሰርቨሩ ላይ ያሉ ፕሮሰሶች (በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞች) ስለሆኑ፣ ተጠቃሚው ኮንትሮልና ሲ ቁልፎችን ሲጫን የሚቋረጠው የሂደቱ መግለጫ በስክሪኑ ላይ መታየቱ ብቻ ሲሆን ጭነቱ ግን ይቀጥላል። ቆሟል ብሎ ሁለተኛ ጭነት የሚያስጀምር ሰው ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ያጋጫቸዋል። ከዚያ በፊት በአታች አማራጭ ወደ ሥራው ተመልሶ በስታተስ ትእዛዝ ሁኔታውን ማየት ይገባል።

በዚሁ መሣሪያ ስቶፕ ጆብንና ኪል ጆብን ማምታታትም የተለመደ ነው። የመጀመሪያው የሥራውን መዝገብ የያዘውን ዋና ሠንጠረዥ ስለሚያቆየው፣ በኋላ ስታርት ጆብ ብሎ ካቆመበት መቀጠል ይቻላል። ሁለተኛው ግን ያንን ሠንጠረዥ ስለሚሰርዘው መመለሻ የለውም፤ ያም ሆኖ እስከዚያ የገቡት ረድፎች በዳታቤዙ ውስጥ ይቀራሉ።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ኪል የሚለውን የሊኑክስ ትእዛዝ ከ9 ቁጥር ጋር ለመጠቀም መቸኮል ነው። ይህን በልማድ የሚጽፍ ሰው ጥቂት አይደለም፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ። ቁጥር ካልተሰጠው ኪል የሚልከው ሲግናል (ለፕሮሰስ የሚላክ ምልክት) 15 ሲሆን፣ ፕሮግራሙ ተቀብሎት ፋይሎቹን ዘግቶ በሥርዓት እንዲወጣ ዕድል ይሰጠዋል፤ 9 ግን ፕሮግራሙ ሊይዘውም ሊያልፈውም የማይችል ስለሆነ ይህን ዕድል ይነፍገዋል። ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ጉዳቱ ከአንድ ሥራ ያልፋል፤ አንድ የሰርቨር ፕሮሰስ በዚህ መንገድ ሲገደል ዋናው ፕሮሰስ የጋራ ማኅደረ ትውስታው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል ብሎ የሌሎችን ተጠቃሚዎች ግንኙነት በሙሉ ያቋርጥና ዳታቤዙን ወደ ማገገሚያ ሂደት ያስገባዋል። ትክክለኛው አካሄድ በመጀመሪያ ትእዛዙን ብቻ የሚሰርዘውን ፒጂ ካንስል ባክኤንድን፣ እርሱ ካልሠራ ግንኙነቱን የሚያቋርጠውን ፒጂ ተርሚኔት ባክኤንድን ከኤስኪውኤል (ከዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) መጥራት ነው። ከ14ኛው ስሪት ጀምሮ መረጃን በጅምላ የሚጭነው የኮፒ ትእዛዝ ምን ያህል እንደተጓዘ የሚያሳይ የሂደት ሠንጠረዥ ስላለ፣ ሥራው ተንጠልጥሏል ብሎ ከመወሰን በፊት እርሱን ማየት ተገቢ ነው።

ሥራው ከተቋረጠ በኋላም ትዕግሥት ያስፈልጋል። ማይኤስኪውኤል በተባለው ዳታቤዝ አንድ ትልቅ ትራንዛክሽን (አንድ ላይ የሚጸድቁ ወይም የሚሰረዙ ለውጦች) ሲቋረጥ የማከማቻ ክፍሉ ኢኖዲቢ የገባውን ሁሉ ወደ ኋላ መመለስ ስላለበት ረዘም ያለ ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ ሰርቨሩን በኃይል ማጥፋትም አያሳጥረውም፣ ምክንያቱም ሰርቨሩ ሲነሳ መመለሱን ይቀጥላል። በፖስትግሬስ በተቃራኒው የመመለሱ ሂደት ፈጣን ነው፤ ሆኖም ኮፒ ሳይጠናቀቅ የጻፋቸው ረድፎች ባይታዩም የዲስክ ቦታ ይዘው ስለሚቆዩ፣ ቫኪዩም (ይህን ቦታ የሚያስለቅቅ ትእዛዝ) ሳያደርጉ በተደጋጋሚ መሞከር ዲስኩን ሊሞላው ይችላል።

በኮንትሮልና ዜድ ማገድም ማቆም አይደለም፤ የታገደው ፕሮግራም የከፈተውን ትራንዛክሽንና ሎክ (ሌሎች መረጃውን እንዳይነኩ የሚያግድ ቁልፍ) ይዞ ስለሚተኛ ሌሎች ሥራዎች ከኋላው ይሰለፋሉ። ረጅም ጭነትን መስመር ቢቋረጥም ሥራውን ከሚያስቀጥሉት ከቲመክስ ወይም ከኖሃፕ ውጭ በርቀት ግንኙነት ማስኬድም መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ ጭነቱን ለመቋረጥ ያጋልጠዋል።

ፕሮግራሙ ሲያበቃ የሚመልሰውን የመውጫ ቁጥር አለማየት ቀላል ቢመስልም ያታልላል። 137 ማለት 128 ሲደመር 9 ስለሆነ ፕሮሰሱ በኃይል እንደተገደለ ይጠቁማል፤ ብዙ ጊዜም የሚገድለው ማኅደረ ትውስታ ያለቀበት ሊኑክስ ራሱ ነው። ትእዛዞች በፓይፕ ሲያያዙ (የአንዱ ውጤት ለቀጣዩ ግብዓት ሲሆን) ደግሞ ሼሉ የሚመልሰው የመጨረሻውን ትእዛዝ ውጤት ስለሆነ፣ በባሽ ሼል ፓይፕፌይል የተባለው አማራጭ ካልተከፈተ የተጨመቀውን ፋይል የሚፈታው ፕሮግራም መሐል ላይ ቢወድቅም ጭነቱ የተሳካ ይመስላል።

በመጨረሻም ኮሚት የተደረገውን (በዳታቤዙ የጸደቀውን) ሳያጣሩ ከመጀመሪያው መድገም አለ። ኮፒ በአንድ ትራንዛክሽን ወይ ሁሉን ያስገባል ወይ ምንም አያስገባም፤ በየምድቡ ኮሚት የሚያደርጉ መሣሪያዎች ግን ከፊሉን አስገብተው ይቆማሉ። እንደ ኦራክሉ ኤስኪውኤል ሎደር ባሉት ላይ የሎግ ፋይሉን አንብቦ የገቡትን መዝገቦች በስኪፕ አማራጭ መዝለል ይቻላል። ይህ በማይቻልበት ጊዜ መረጃውን በጊዜያዊ ሠንጠረዥ ላይ ጭኖ፣ ረድፎቹን ቆጥሮ ወደ ዋናው ማዛወር ይመረጣል።