ለኑድልስና ለአትክልት ጥብስ ዘይት ስትመርጡ፣ በድሬ ሙቀት

ዘይት ሲገዛ ብዙ ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ይረጋል አይረጋም? አዲስ አበባ ላይ ይሄ ጥያቄ ይሰራል፣ ጠዋት ስትነሱ ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ ከተጋገረ ፓልም ነው አለቀ። ድሬ ላይ ግን አቦ በዚ ሙቀት ምኑ ይረጋል፣ ፓልም የሚቀልጠው 35 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ግንቦትና ሰኔ ላይ የከተማው ሙቀት ራሱ እዛ ይደርሳል፣ ደግሞ ፓልም ኦሊን የሚባል ፈሳሹ ክፍል ብቻ ተለይቶ የወጣ አለ እሱማ ቤት ውስጥ ዓመቱን ሙሉ እንደ ውሃ ነው የሚቀመጠው። ያንኑ ጀሪካን የደንገጎን ዳገት አስወጥታችሁ ሐረር ዘመድ ቤት ብታደርሱት ታህሳስ ላይ ሌሊት ሊደፈርስ ይችላል። ስለዚ እኛ ጋ ፈሳሽ መሆኑ ምንም አይነግራችሁም።

ባለሱቁንም ብትጠይቁት "ወላሂ ንጹህ የሱፍ ነው" ይላችኋል፣ እሱ ምን ያርግ፣ እሱም የሚያየው የፊት ለፊቱን ስዕል ነው። እናንተ ጀርባውን አዙሩና በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ግብዓት አንብቡ። ፊት ለፊት ትልቅ የሱፍ አበባ ተስሎ ጀርባው ላይ የአትክልት ዘይት ብቻ ካለ ወይም የተለያዩ ዘይቶች ስም ከተደረደረ ንጹህ የሱፍ ነው ብላችሁ አትመኑ፣ ስሞቹ ከተደረደሩ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የተጻፈው ነው በብዛት ያለው። ከጅቡቲ በኩል የሚገቡት ላይ ጽሁፉ ብዙ ጊዜ በአረብኛና በእንግሊዝኛ ስለሚሆን የሚያነብ ልጅ ይዞ መሄድ ነው።

ቤት ከገባ በኋላ ለማየት ደግሞ ትንሽ በብርጭቆ ቀድታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ጥሩ የተጣራ የሱፍ አበባ ወይም የአኩሪ አተር ዘይት ጠዋት ጥርት እንዳለ ታገኙታላችሁ፣ ፓልም ያለበት ከሆነ ከስሩ ነጭ ነገር ይጥላል ወይም ጭራሽ ይጋገራል። ግን ተጠንቀቁ፣ የኦቾሎኒ ዘይትና የወይራ ዘይትም ፍሪጅ ውስጥ ይደፈርሳሉ፣ ተፈጥሯቸው ነው፣ እነሱ ላይ ተጭበረበርኩ ብላችሁ ሱቁን እንዳታምሱ።

አሁን ወደ ጥብሱ። ኑድልስ በአትክልት ስትሰሩ ነገርዬው በሙሉ ያለው እሳቱ ላይ ነው፣ መጥበሻው በጣም ግሎ አትክልቱ በደቂቃዎች ውስጥ እየተገላበጠ መውጣት አለበት፣ እሳቱ ካነሰ ጎመኑ ውሃ ያወጣና ቅቅል ትበላላችሁ። እዚህ እሳት ላይ የሚችል ዘይት ቶሎ የማይጨስ ነው። የተጣራ የሱፍ አበባ፣ አኩሪ አተር፣ ኦቾሎኒና ፓልም ከ220 እስከ 230 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ይታገሳሉ፣ ያልተጣራ ዘይት ግን አብዛኛው ከዛ በጣም ቀድሞ ይጨሳል። በተለይ በከሰል የምትሰሩ ሰዎች ይሄን አትናቁት ምክንያቱም ቡታጋዝ ቢሆን ቀንስ ታደርጉታላችሁ ፈርኔሎ ላይ ግን ያላችሁ አማራጭ መጥበሻውን ብድግ ማድረግ ነው። በኤሌክትሪክ ስቶቭ የሚሰራ ሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው ችግሩ፣ ግለቱ ቶሎ ስለሚወርድ ትንሽ ትንሽ እያደረጉ በሁለት ዙር መጥበስ ነው።

እኔን የትኛውን ብትሉኝ የሱፍ አበባ፣ የራሱ ጣዕም ስለሌለው ዝንጅብሉንና ነጭ ሽንኩርቱን አይጫንባቸውም። ኦቾሎኒ ዘይት የተጣራውን ካገኛችሁ ግን ከሱም ይበልጣል፣ ደቡብ ቻይና ውስጥ ለጥብስ የቆየው ዘይት እሱ ነው፣ ሽታውም ደስ ይላል። የሚገርመው እኛ የባቢሌ ጎረቤት ሆነን ለውዙን ቆልተን እንበላለን እንጂ ዘይቱን ቤታችን አናይም። ቢያንስ ለውዙን ቆልታችሁ ፍርክስክስ አድርጋችሁ ኑድልሱ ላይ በትኑበት፣ ስትገዙ ግን የተሸበሸበውንና የሻገተውን ልቀሙና ጣሉ፣ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል እሱ ደግሞ ቢቆሉትም አይጠፋም።

ፓልምስ? እሳቱን ይችላል፣ ዋጋውም ቀለል ይላል፣ ጥብሱ ላይ ምንም አይልም። ሁለት ነገር ነው ያለው። አንደኛ ወደ ግማሽ የሚጠጋው የሚረጋ ስብ ነው፣ የሱፍ አበባ ከ10 እስከ 12 ፐርሰንት ገደማ ነው ያለው፣ የልብና የኮሌስትሮል ነገር ያለበት ሰው ቤት ካለ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ሁለተኛ ምግቡ ሲቀዘቅዝ ነው፣ ድሬ ላይ ብዙም አይታወቅም፣ ሐረር ግን ጠዋት ሰርታችሁ ለምሳ በሳህን ቋጥራችሁ ከሄዳችሁ ፓስታው ላይ ሻማ የመሰለ ነገር ይጋገርና ላንቃ ላይ ይለጠፋል።

ኑግ ዘይት በጣም እወደዋለሁ ግን ለፆም ሽሮና ለአልጫ ይሁን፣ ሽታው ከሶያ ሶስ ጋር አይስማማም፣ ያልተጣራ ስለሆነ ቶሎም ይጨሳል። የተነጠረ ቅቤ ሙቀት ይችላል ግን ኮረሪማውና በሶብላው ሁሉንም ይውጠዋል፣ ኢንዶሚ በበርበሬና በቅቤ ካማራችሁ ሌላ ምግብ ነው እሱ፣ አይከለከልም። የወይራ ዘይት ድንግሉን በዛ ዋጋ ገዝቶ ፈርኔሎ ላይ ማቃጠል ያሳዝናል፣ ሰላጣ ላይ አድርጉት።

የሰሊጥ ዘይት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የቻይና ምግብ ውስጥ ያ የሚያውድ ጠቆር ያለው ሰሊጡ ተቆልቶ የተጨመቀ ነው፣ መጥበሻ አይደለም ማጣፈጫ ነው፣ እሳት ላይ ከዋለ መዓዛው ይጠፋና ይመራል። መጥበሻው ከወረደ በኋላ ለአራት ሰው አንድ የሻይ ማንኪያ በቂ ነው። ካጣችሁት ከቀፊራ ገበያ ነጭ ሰሊጥ ገዝታችሁ በደረቅ መጥበሻ ቀላ እስኪል አምሱትና ወቅጣችሁ ነስንሱበት፣ በጣም ነው የሚቀርበው።

አንድ ትልቅ ነገር ረመዳን ላይ፣ ሳምቡሳና ባጅያ የተጠበሰበት ዘይት ተጣርቶ ይቀመጥና ለኑድልስ ይወጣል። አታድርጉት። ደጋግሞ የጋለ ዘይት ቶሎ መጨስ ይጀምራል፣ ከስሩ የቀረው የዱቄት ፍርፋሪ ያርና ጥብሱን ያጠቁረዋል፣ አሳ የተጠበሰበት ከሆነማ አስቡት።

አሰራሩ እንዲህ ነው። አትክልቱን አስቀድማችሁ ክተፉና ውሃውን ጥርግ አድርጉ፣ መጥበሻው ባዶውን ይጋል፣ ጠብታ ውሃ ስትጥሉበት እየዘለለ ከጠፋ ደርሷል፣ ያኔ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩና መጥበሻውን አዙሩት። ስስ ጭስ ብልጭ ሲል ስጋ ካላችሁ ይግባ፣ ከዛ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ቶሎ ስለሚያሩ ከቃሪያው ጋር፣ መጨረሻ ላይ ኑድልሱና ሶያ ሶሱ። ጭሱ ከወፈረና አይን ከቆጠቆጠ ዘይቱን ደፍታችሁ እንደ አዲስ ጀምሩ፣ እሳት ከያዘ ደግሞ ውሃ እንዳታፈሱ፣ ክዳን ድፉበትና እሳቱን አጥፉ። ኢንዶሚ ከሆነ ዘይቱን በግማሽ ቀንሱ ምክንያቱም አብዛኛው ፈጣን ኑድልስ ፋብሪካ ውስጥ በዘይት ተጠብሶ ነው የሚደርቀው፣ ውስጡም ብዙ ጊዜ ትንሽ የዘይት ከረጢት አለች። በስፓጌቲ ከሆነ ትንሽ ሳይበስል አውጥታችሁ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁና አንድ ማንኪያ ዘይት አሹት፣ አይጣበቅም።

አቀማመጥ ላይ፣ ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጀሪካን አትግዙ፣ ሙቀትና ብርሃን ዘይት ያበላሻል። 20 ሊትር በርካሽ አገኘን ብላችሁ በረንዳ ላይ ከማቆም ባለ 3 ወይም ባለ 5 ሊትሩን ገዝታችሁ ከምድጃው ርቆ ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ፣ ስትከፍቱት የቆየ ለውዝ ሽታ ካለው ወይም ጉሮሮ ከያዘ ተበላሽቷል፣ ጥብስ አያድነውም።