የእሽግ ምግብ ገላጭ ጽሑፍ አነባበብ፦ ለወሎ ሸማቾች

ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ሱቅ የዱቄት ጁስ፣ ከረሜላ ወይም ብስኩት የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የእሽጉን ፊትና ዋጋውን ነው። ምግቡ ውስጥ ስለ ገባው ኬሚካል የሚናገረው ግን ከጀርባው በደቃቅ ፊደል የሰፈረው ጽሑፍ ነው። ሕጉ አምራቹን በዋናነት የሚያስገድደው የጨመረውን እንዲናገር ነው፤ የጨመረው ነገር ማንን ሊጎዳ እንደሚችል እንዲያስጠነቅቅ የሚገደደው ግን ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን ከዝርዝሩ ውስጥ ፈልጎ ማውጣት የገዢው ሥራ ይሆናል።

በመጀመሪያ ጽሑፉ መሟላቱን ያረጋግጡ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በሚሸጥ ዕቃ ላይ ስሙ፣ የተሠራበት አገር፣ ክብደቱ፣ የተሠራበት ነገር፣ አምራቹ፣ እንዲሁም የተመረተበትና የአገልግሎቱ ማብቂያ ጊዜ እንዲገለጽ ይጠይቃል። የምግብን ደህንነት በተለይ የሚመለከተው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲሆን፣ አስፈጻሚውም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። አምራቹ ያልተጻፈበትን እሽግ፣ የቱንም ያህል ቢረክስ፣ እዚያው መደርደሪያው ላይ መተው ይሻላል። የማብቂያ ጊዜውን ሲያዩም አቆጣጠሩን ያጣሩ፤ 2025 የሚል ማኅተም በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ በእኛ 2017 ወይም 2018 ነው እንጂ ገና ብዙ ዓመት የሚቀረው ዕቃ አይደለም።

ቀጥሎ የይዘት ዝርዝሩን ያንብቡ። በዓለም አቀፉ የምግብ ደንብ፣ በኮዴክስ፣ መሠረት ዝርዝሩ በክብደት ከሚበልጠው ወደሚያንሰው ይወርዳል። በዱቄት ጁስ ላይ ስኳር መጀመሪያ ተጽፎ የፍራፍሬው ስም መጨረሻ አካባቢ ከተገኘ፣ ወይም ጭራሹን ከሌለና «ጣዕም» የሚል ብቻ ካለ፣ ቀለሙ የመጣው ከብርቱካን አይደለም ማለት ነው። ቀለሙ ከየት እንደመጣ የሚናገረው ቁጥሩ ነው፤ ከፊቱ የላቲን «ኢ» ፊደል ሊኖረውም ላይኖረውም ይችላል። ከ100 እስከ 199 ያሉት ቁጥሮች ማቅለሚያዎች፣ በ200 የሚጀምሩት በአብዛኛው ከመበላሸት የሚጠብቁ ማቆያዎች ናቸው። ቁጥር ሁሉ ግን ክፉ አይደለም፤ 300 ቫይታሚን ሲ ነው፣ 330 ደግሞ በሎሚ ውስጥ የሚገኘው አሲድ ነው።

ልጆች ያሉበት ቤት በቃሉ ሊይዛቸው የሚገቡት ስድስት የማቅለሚያ ቁጥሮች 102፣ 104፣ 110፣ 122፣ 124 እና 129 ናቸው። በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2007 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ጥናት የእነዚህን መሰል ማቅለሚያዎች ድብልቅ ከልጆች መቅበጥበጥ ጋር ካያያዘ በኋላ፣ የአውሮፓ ኅብረት ከ2010 አጋማሽ ጀምሮ ከስድስቱ አንዱ ያለበት ምግብ የልጆችን ባሕርይና ትኩረት ሊያውክ እንደሚችል በእሽጉ ላይ እንዲጻፍ አስገድዷል። ኮዴክስ ይህን ማስጠንቀቂያ ስለማይጠይቅ፣ ያው ማቅለሚያ ያለበት ከረሜላ ደሴ ላይ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሸጥ ይችላል፤ ቁጥሩ ወይም ስሙ ግን ይጻፋል። አስም ያለበት ሰው ደግሞ እንዲርቃቸው፣ ከ220 እስከ 228 ያሉትን ሰልፋይት የተባሉ ማቆያዎች ከዝርዝሩ ላይ ይፈልግ። ኮዴክስ በኪሎ 10 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ሰልፋይት ሁልጊዜ እንዲገለጽ ያዝዛል።

በዐረብኛ ብቻ የተጻፈ እሽግ ከገጠመዎ መድረሳ የቀራ ጎረቤት ያስነብቡ፤ «አል-ሙከዊናት» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለው የይዘት ዝርዝሩ ነው።

ዳቦ ገላጭ ጽሑፍ የለውም። ሆኖም ዳቦ ቤቱ ሊጡን የሚያሻሽልበት ዱቄት በእሽግ ስለሚመጣ፣ ደንበኛ የሆነ ሰው እሽጉን ለማየት መጠየቁ ነውር አይደለም። እዚያ ላይ የሚፈለገው 924 ወይም ፖታሲየም ብሮሜት ነው፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል ብሎ የመደበው ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ ካናዳ፣ ናይጄሪያና ሕንድ በምግብ ውስጥ ከልክለውታል። ማሳየት የማይፈልግ ዳቦ ቤት ካለ፣ እኔ ብሆን ዳቦዬን ከሌላ እገዛለሁ።

ገላጭ ጽሑፍ ፈጽሞ የማይነግረን ነገርም አለ። በ2003 (እ.ኤ.አ.) አውሮፓ ውስጥ በበርበሬ ዱቄት ላይ የተገኘው ሱዳን የተባለ የፋብሪካ ቀለም በየትኛውም ዝርዝር ላይ አልተጻፈም፤ ባዕድ ነገር የሚቀላቅል ሰው አይጽፈውምና። በእርጥብ በርበሬ ላይ የሚያድገው ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝም፣ ለነቀዝ ተብሎ እህል ውስጥ የሚገባው መድኃኒት ርዝራዥም እንዲሁ አይጻፍም። ሕጉ እነዚህን የሚቆጣጠረው በክልከላ፣ በመጠን ገደብና በላቦራቶሪ ምርመራ እንጂ በጽሑፍ አይደለም። ስለዚህ በርበሬውን ዛላውን ገዝቶ ማስፈጨት ተመራጭ ነው፤ ዛላው ተሰብሮ ውስጡ ግራጫ ወይም ጥቁር ሻጋታ ካለበት፣ ወይም እጅ ላይ ሲታጠፍ እንደ ቆዳ ተለምጦ ሳይሰበር ከቀረ፣ አልደረቀም ወይም ክብደቱ እንዲጨምር ውኃ ተርከፍክፎበታል።

አጠራጣሪ ዕቃ ሲገኝ ደረሰኙንና እሽጉን አይጣሉ። ወደ ባለሥልጣኑ ነጻ የስልክ መስመር 8482 ደውሎ ማመልከት ይቻላል፤ ሲደውሉም የዕቃውን ስም፣ የገዙበትን ሱቅና ከማብቂያ ጊዜው አጠገብ የታተመውን የምርት መለያ ቁጥር ይንገሩ፤ የትኛው ዙር ምርት ከገበያ መሰብሰብ እንዳለበት የሚታወቀው በዚያ ቁጥር ነውና።