ላቴክ ላይ አማርኛና እንግሊዝኛን በአንድ የፎንት ስም ማዋሃድ፦ ችግርና መፍትሄ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የመመረቂያ ጽሑፉን በላቴክ (ጽሑፍን በትዕዛዝ አቀናብሮ ፒዲኤፍ በሚያወጣው ፕሮግራም) የሚሠራ ተማሪ ፍላጎቱ ግልጽ ነው። አማርኛውም እንግሊዝኛውም፣ ርዕሱም የግርጌ ማስታወሻውም በአንድ የፎንት ስም ይታዘዝለት። ይቻላል። ሲበላሽ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፎንቶቹ ሳይሆን የአያያዛቸው ነው።

አማርኛው ጭራሽ አይወጣም ወይም ሳጥን ይሆናል

ዩኒኮድ ፎንት የሚቀበሉት ሁለቱ የላቴክ ዓይነቶች፣ ሉዋላቴክና ዚላቴክ፣ እዚህ ላይ አይቆሙም፤ ፊደሉን ዘለው ያልፋሉ። የሎግ ፋይሉን (ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚጽፈውን መዝገብ) ከፍታችሁ «ሚሲንግ ካራክተር» የሚለውን ፈልጉ። ካገኛችሁት ዋናው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። በሉዋላቴክ ኮምፓይል አድርጉ፤ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት በፎልባክነት፣ ማለትም በተጠባባቂነት፣ አያይዙት። ዋናው ፎንት ያጣውን ፊደል ከዚያ ይወስዳል። ዚላቴክ ላይ ይህ ፎልባክ አይሠራም።

እንግሊዝኛው ቦልድ ይሆናል፣ አማርኛው አይሆንም

ብዙ ሰው የሚደክመው እዚህ ጋ ነው። ያያዛችሁት ፎልባክ የመደበኛው ፎንት ስለሆነ፣ ቦልድ ስትሉም ያው መደበኛው ይመጣል። ለቦልድ ሌላ የፎልባክ ዝርዝር ሥሩና ፎንት በሚጠራው ፓኬጅ በፎንትስፔክ ውስጥ «ቦልድፊቸርስ» ላይ ስጡት። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለውን የግዕዝ ፎንት የምትወዱ ደግሞ አንድ ውፍረት ብቻ እንዳለው እወቁ፤ ለቦልዱ የኖቶን ተዋሱ። ሰው ሠራሽ ማወፈሪያውን በጭራሽ አልመክርም። እንደ «ጬ» ያለውን ፊደል ክፍተቱን ይደፍነዋል፣ በግርጌ ማስታወሻ መጠን ሲሆን አይነበብም።

«» ምልክቱ ከአማርኛው ጋር አይሄድም

አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ ዩኒኮድ ውስጥ ከግዕዝ ፊደላት ጋር ናቸው። «» ግን ከላቲን ጋር ነው የተመደበው። እንግሊዝኛው ፎንት ይህ ምልክት ስላለው ፎልባኩ አይጠራም። ጽሑፋችሁ በብዛት አማርኛ ከሆነ አንድ ስም መሆኑ ቢቀርም፣ ፎልባኩን ተዉትና አማርኛን በራሱ የፎንት ቤተሰብ አውጁ።

አማርኛው ከእንግሊዝኛው ገዝፎ ይታያል

መፍትሄው ያው ነው፦ የራሱ ቤተሰብ፣ ከዚያ «ስኬል» የሚባለው የመጠን ማስተካከያ። በላቲኑ ትንሽ ፊደል (እንደ x) ቁመት የሚያመጣጥነውን አማራጭ አትመኑ፤ ግዕዝ ትንሽና ትልቅ ፊደል የለውም። 0.9 ብላችሁ ጀምሩና በዓይናችሁ እያያችሁ አስተካክሉ።

የፊደል መጠን 13 ነጥብ ጠይቃችሁ 12 ከሰጣችሁ፣ ኮምፒውተር ሞደርን በሚባለው የላቴክ የድሮ ፎንት ላይ ናችሁ። ምትኩን ላቲን ሞደርንን ጥሩ።

ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ለማሳተም ስትሄዱ ፒዲኤፉን ያዙ። አስቀድማችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ የፎንት ዝርዝሩን ክፈቱ። ከሁሉም ጎን «ኢምቤድድ» የሚል ካለ ማተሚያ ቤቱ ፎንቶቹን መጫን አያስፈልገውም።