ፀሐይ ኮምፖስት አታበስልም

ድሬ ላይ ኮምፖስት (ከቅጠልና ከምግብ ትራፊ የሚሠራ የተፈጥሮ ማዳበሪያ) መሥራት የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ያው ነው፦ «ፀሐዩ የሚበረታው የት ጋ ነው?» አቦ ተዉ! ኮምፖስት የሚበስለው በፀሐይ አይደለም። የሚያበስሉት ክምሩ ውስጥ ያሉ ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን ናቸው። እነሱ ሲበሉ ክምሩ ይሞቃል። በደንብ የተሠራ ክምር በጥቂት ቀን ውስጥ መሐሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሐረር ብርድ ላይም ቢሆን። ፀሐይማ ሥራዋ ውሃውን መምጠጥ ነው። ውሃ ሲያልቅ ተሕዋስያኑ ሥራ ያቆማሉ። ከወር በኋላ ስትገልጡት የማንጎው ልጣጭ እንደ ቋንጣ ደርቆ ይጠብቃችኋል። ከዚያ «እዚህ አገር ኮምፖስት አይሆንም» ይባላል። ይሄን ወሬ መስማት በቅቶኛል።

ጥላ ፈልጉ። ግቢው ውስጥ የኒም ዛፍ ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ክምሩን በአሮጌ ማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኑት። ከመሐሉ አንድ እፍኝ አውጥታችሁ ጭመቁ። አንድ ሁለት ጠብታ ካንጠባጠበ ልክ ነው። ከፈሰሰ በዝቷል፤ ከተበተነ ደርቋል። ቧንቧ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ አትክልትና ሩዝ ያጠባችሁበትን ውሃ አትድፉ። በረኪና የነካውን ግን አደራ።

ሌላው ስህተት የክምሩ ማነስ ነው። አንድ ፌስታል ልጣጭ ጥግ ላይ ደፍቶ በ3 ሳምንት አፈር የሚጠብቅ አለ። ትንሽ ክምር ሙቀት አይይዝም። በፍጥነት እንዲደርስ ከተፈለገ ቁመቱም ጎኑም ወደ አንድ ሜትር ይጠጋ። ስለዚህ ደረቁን በከረጢት አጠራቅማችሁ በአንድ ቀን ከምሩ። ቦታ የሌለው በበርሜል መሥራት ይችላል፤ ወራት እንደሚፈጅ ግን ይወቅ።

ገራባ፣ ከጫት የሚተርፈው ቅጠልና ዘንግ፣ ደግሞ የእኛ ሀብት ነው፤ ፍየል ካልቀደመን። ስህተቱ እንዳለ መጣሉ ላይ ነው። ቅጠሉ ቶሎ ይበሰብሳል፤ እንጨት የሆነው ዘንግ ግን ሌላው ሁሉ አፈር ሆኖ እሱ እንደቆመ ይቀራል። ወፍራሙን ለማገዶ አስቀሩ፤ ቀጭኑን በጣት አንጓ ልክ ቆራርጡት። በርጫ ከተቃመበት ቤት የመጣ ከሆነ መጀመሪያ ልቀሙት። የለውዙ ቅርፊት ይግባ፤ የሲጋራ ቁራጭና ፌስታል ይውጣ።

እርጥብ ብቻ መከመር ያሸታል። ጎረቤት የሚያጣላው ይሄ ነው። በባልዲ ስትሰፍሩ ለአንድ እርጥብ ሁለት ደረቅ አድርጉ፦ ጭድ፣ የተከተከተ የማሽላ አገዳ፣ ደረቅ ቅጠል። ሰጋቱራም ይሆናል፤ ከበዛ ግን ሥራውን ያጓትታል። የፍየል በጠጥ ካገኛችሁ ጨምሩበት፤ ሙቀቱን ቶሎ ያስነሳል። የቡና አተላም እርጥቡ ጎራ ነው፤ ቀለሙ ደረቅ ቅጠል መስሎ አያሳስታችሁ።

ሐረር ላይ ሥጋና አጥንት መክተት ጅብ መጥራት ነው።

አመድ ለዝንብ ብለው አካፋ ሙሉ የሚነሰንሱ አሉ። አመድ እንደ ኖራ ነው፤ ሲበዛ ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ያመልጣል፤ ለተክሉ የሚፈለገው ደግሞ እሱ ነው። የድሬ ውሃ ራሱ ኖራው ስንት ነው? ማንቆርቆሪያችሁ ሥር የተጋገረውን ነጭ ነገር እዩት። ለዝንቡ የምግብ ትራፊውን መሐል ቀብራችሁ በደረቅ ቅጠል መሸፈን ይበቃል።

ክምሩ ሲግል በየሁለት ሦስት ቀኑ ይገላበጥ፤ የዳሩ ወደ መሐል፣ የመሐሉ ወደ ዳር። ያለ መገላበጥ ፈጣን ኮምፖስት የለም።

የመጨረሻው ችኮላ ነው። ጠቆረ ማለት ደረሰ ማለት አይደለም። ያልደረሰ ኮምፖስት ችግኝ ያቃጥላል። ጥቂት አርጥባችሁ ፌስታል ውስጥ ቋጥሩና ከሦስት አራት ቀን በኋላ አሽትቱት። የአፈር ሽታ ካለው ለችግኙ ስጡት፤ ከኮመጠጠ ወይም አፍንጫ ከሰነጠቀ ወደ ክምሩ መልሱት።