ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ሲታደስ የሚፈጸሙ የሊድ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ሊድ (እርሳስ) ያለበት የቤት ቀለም የታገደው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ተመርምሮ ነፃ መሆኑ እስካልታወቀ ድረስ ሊድ እንዳለበት ይቆጠራል። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚመጣው ቀለሙ ሲፈቀፈቅ ከሚነሳው ደቃቅ አቧራ ነው።

«ትንሽ ሥራ ናት» ብሎ ማለፍ። የኢፒኤ (የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) ደንብ የሚያልፈው በአንድ ክፍል እስከ 6 ስኩዌር ፊት፣ በውጭ በኩል እስከ 20 ስኩዌር ፊት ቀለም የሚነካ ጥገናን ነው። መስኮት መቀየር ግን አንድም ቢሆን አይታለፍም። ሲከፈትና ሲዘጋ የተፋተገው ቀለም ለዓመታት መንሸራተቻው ውስጥ ተጠራቅሞ ይገኛል፤ መስኮቱ ሲነቀል ያ ሁሉ ይበተናል።

ማቃጠልና በማሽን መፋቅ። ቀለምን በእሳት ማቃጠል፣ ሂት ጋንን (ትኩስ አየር የሚነፋ መሣሪያ) 1,100 ዲግሪ ፋራናይትና ከዚያ በላይ አድርጎ መጠቀም፣ የሄፓ ቫኪዩም (ደቃቅ አቧራ የሚይዝ ማጣሪያ ያለው) ባልተገጠመለት ሳንደር ወይም ግራይንደር መፋቅ ክልክል ነው። ውሃ እየረጩ በእጅ ይፋቁ፤ የኤሌክትሪክ ሶኬት አጠገብ ግን ውሃ አይረጭም።

ላስቲክ መሰሰት። ቤት ውስጥ ከሚሠራበት ቦታ በየአቅጣጫው ቢያንስ 6 ጫማ፣ ውጭ ደግሞ 10 ጫማ ይነጠፋል። ዳሩ በቴፕ ይያዝ። የማሞቂያና የማቀዝቀዣ አየር መውጫዎችንም ይሸፍኑ፤ ክፍት ከቀሩ አቧራው ወደ ልጆች መኝታ ቤት ሳይቀር ይደርሳል።

በመጥረጊያ ማጽዳት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ጥንቃቄው ሁሉ በመጨረሻው ሰዓት ይበላሻል። መጥረጊያ አቧራውን ያስነሳዋል፣ ተራ ቫኪዩም ደግሞ ደቃቁን በጀርባው ይተፋዋል። ሄፓ 0.3 ማይክሮን የሆነውን እንኳ 99.97 በመቶ ይይዛል። መጀመሪያ ስብርባሪው ይለቀማል፤ ላስቲኩ ውሃ ተረጭቶበት የቆሸሸው ፊት ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ በወፍራም ከረጢት ይታሰራል። ግድግዳው ከላይ ወደ ታች በሄፓ ወይም በእርጥብ ጨርቅ፣ ወለሉ በመጨረሻ በሁለት ባልዲ፦ አንዱ ለሳሙና፣ ሌላው መወልወያውን ለማለቅለቅ። ከዚያ በነጭ እርጥብ ጨርቅ ይፈተናል፤ አንድ ጨርቅ ከ40 ስኩዌር ፊት ወለል በላይ አይጠረግበትም፣ እያንዳንዱ የመስኮት ደፍ የራሱ ጨርቅ አለው። ጨርቁ ከኢፒኤ የጽዳት ማነጻጸሪያ ካርድ ከጠቆረ ጽዳቱ ይደገማል።

የሥራ ልብስ ለብሶ ቤት መግባት። ልብሱ ለብቻው ይታጠብ፤ እጅና ፊትም ከምግብ በፊት። ወለል ላይ የሚድህ ሕፃን እጁን አፉ ውስጥ ስለሚከት በጣም የሚጎዳው እሱ ነው።

ፈቃድ ሳይጠይቁ ኮንትራክተር መቅጠር። የድርጅቱን የኢፒኤ ሰርተፊኬትና ሥራውን የሚመራውን ሰው የሥልጠና ወረቀት ይጠይቁ፤ ድርጅቱ የሥራውን መዝገብ 3 ዓመት የማቆየት ግዴታም አለበት። የራሱን መኖሪያ ራሱ የሚያድስ ሰው በደንቡ አይገደድም፤ ላስቲኩና ሄፓው ግን ለእሱም ያስፈልጉታል።