ሰርቨራችሁን ለመከታተያ ስትከፍቱ፦ ኤስኤንኤምፒ በኡቡንቱ ላይ

የቅርንጫፎቻችን ቪፒኤን በሙሉ የሚያልፈው በአንድ የኡቡንቱ ሰርቨር ነው። አለቃዬ «ኢንተርኔቱን ማን እየበላው ነው?» ባለ ቁጥር ተርሚናል ላይ ማፍጠጥ ሲሰለቸኝ፣ ሌላ ማሽን ላይ ሊብሬኤንኤምኤስ የሚባለውን የኔትወርክ መከታተያ ጫንኩ። ሰርቨሩን በኤስኤንኤምፒ (መሣሪያዎች ስለ ሁኔታቸው የሚጠየቁበትና የሚመልሱበት ፕሮቶኮል) በየአምስት ደቂቃው ይጠይቅና ግራፍ ይሠራል። አሁን ግራፉን ነው የማሳየው፤ ክርክር የለም።

ስለ መከታተያው አጫጫን ብዙ ተጽፏል። እኔ የማወራው ስለ ሌላኛው ጫፍ ነው፦ የሚጠየቀው ሰርቨር ላይ በሩን ለማንና ምን ያህል እንደምንከፍት። እዚህ ሰርቨሩ 10.10.1.5፣ መከታተያው 10.10.1.20 ይሁን። ትእዛዞቹን እንደምንጠራቸው ነው የምጽፈው፤ ኪቦርዱ ላይ በላቲን ትመቷቸዋላችሁ።

ጭነቱ ቀላል ነው። ሰርቨሩ ላይ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኤስኤንኤምፒዲ»፤ መልስ የሚሰጠው እሱ ነው። መከታተያው ላይ ደግሞ ያለ «ዲ» «ኤስኤንኤምፒ» የሚባለውን ጫኑ፤ ለሙከራ ያስፈልጋችኋል።

ከዚያ «ኢቲሲ» ስር፣ «ኤስኤንኤምፒ» ፎልደር ውስጥ፣ «ኤስኤንኤምፒዲ ነጥብ ኮንፍ» የሚለውን ፋይል ኮፒ አስቀርታችሁ ክፈቱ። ኡቡንቱ ፋይሉን የሚሰጣችሁ በጣም ቆጥቦ ነው፤ ደግ አደረገ። «ኤጀንትአድረስ» የሚለው መስመር 127.0.0.1 ላይ ነው፤ ሰርቨሩ ለራሱ ብቻ ይመልሳል ማለት ነው። «ሲስተምኦንሊ» የተባለው እይታ (ለጠያቂው የሚታየው የመረጃ ክፍል) ደግሞ ከሰርቨሩ ስም፣ ከሰዓቱና ከመሳሰሉት አያልፍም። የኔትወርክ ካርዶቹ ትራፊክ እዚያ ውስጥ የለም። ብዙ ሰው «ሰርቨሩ ይመልሳል፣ ግራፉ ግን ባዶ ነው» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

አድራሻውን «ዩዲፒ፡161» አድርጉት። የሰርቨሩን የራሱን አይፒ የሚጽፉ አሉ። እኔ አልወደውም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰርቨሩ ከስዊቹ ቀድሞ ሊነሳ ይችላል። አይፒው ገና ካርዱ ላይ ሳይቀመጥ ሰርቪሱ ሊይዘው ይሞክራል፣ ያጣዋል፣ እዚያው ይቆማል። ማን ይግባ ማን አይግባ የሚለውን ለፋየርዎሉ ተዉት።

ለእይታው ሦስት መስመር ይበቃል። «ቪው ትራፊክ ኢንክሉድድ» ብላችሁ .1.3.6.1.2.1.1፣ በሚቀጥለው መስመር .1.3.6.1.2.1.2፣ ከዚያ .1.3.6.1.2.1.31። ቁጥሮቹ ሰርቨሩ የሚሰጠው መረጃ አድራሻዎች ናቸው። «ትራፊክ» እኔ ያወጣሁለት ስም ነው። ሰው ሲቸኩል .1 ብሎ ሁሉንም ይከፍታል። እባካችሁ አታድርጉት። .1.3.6.1.2.1.25.4.2 ስር ሰርቨሩ ላይ የሚሠሩት ፕሮግራሞች ተዘርዝረዋል፣ የተነሱበት ትእዛዝ ከነተቀጥላው ጭምር። የሆነ ባክአፕ ስክሪፕት የዳታቤዙን ፓስወርድ ትእዛዙ ላይ ይዞ ከሆነ፣ ፓስወርዱ እዚያ ይነበባል።

አሁን ወደ ዋናው። «አርኦኮሚዩኒቲ ፐብሊክ» የሚሉትን መስመሮች በሙሉ አጥፉ። «ፐብሊክ» በድሮዎቹ የኤስኤንኤምፒ ቨርዥኖች እንደ ፓስወርድ የሚያገለግል ቃል ነው፤ እሱን የማይሞክር ስካነር የለም። ቃሉን ብትቀይሩትም ሁለተኛው ቨርዥን ሳያመሰጥር ነው የሚልከው። ስለዚህ ቨርዥን 3 ተጠቀሙ።

ተጠቃሚ ለመፍጠር መጀመሪያ ሰርቪሱን አቁሙ። ይህን አትዝለሉት፤ ሰርቪሱ ሲቆም ፋይሉን ራሱ ስለሚጽፈው የጨመራችሁት ይጠፋል። ከዚያ «ቫር»፣ «ሊብ»፣ «ኤስኤንኤምፒ» ውስጥ ባለው ተመሳሳይ ስም ባለው ፋይል መጨረሻ ላይ «ክሪኤትዩዘር» ብላችሁ የተጠቃሚውን ስም፣ «ኤስኤችኤ»፣ የመጀመሪያውን ፓስወርድ፣ «ኤኢኤስ»፣ ሁለተኛውን ፓስወርድ በአንድ መስመር ጻፉ። የመጀመሪያው ማንነት ማረጋገጫ፣ ሁለተኛው ማመስጠሪያ ነው። ፓስወርዶቹ ቢያንስ 8 ፊደል ይሁኑ፣ ሁለቱ አይመሳሰሉ። ሰርቪሱ ሲነሳ መስመሩን በቁልፍ ይተካዋል፤ ፓስወርዳችሁ በግልጽ አይቀርም። ኢቲሲ ውስጥ ወዳለው ፋይል ተመለሱና «አርኦዩዘር»፣ ስሙን፣ «ኦውዝፕሪቭ»፣ ሰረዝ ትልቁ ቪ፣ «ትራፊክ» ብላችሁ ጨምሩ። ማንበብ ብቻ፣ ተመስጥሮ ብቻ፣ ያንን እይታ ብቻ።

ቨርቹዋል ማሽን ኮፒ እያደረጋችሁ የምታባዙ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይኸው የቫር ፋይል የሰርቨሩን የኤንጂን መለያ፣ ማለትም ቨርዥን 3 ሰርቨሩን ከሌላው የሚለይበትን ቁጥር፣ ይይዛል። ኮፒ ስታደርጉ ሁለቱ ሰርቨሮች አንድ መለያ ይኖራቸዋል፤ መከታተያው ይደናገርና አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ስለ ሰዓት መስኮት ያጉረመርማል። አዲሱ ማሽን ላይ ሰርቪሱን አቁማችሁ ፋይሉን አጥፉ፤ ተጠቃሚውን እንደገና ፍጠሩ።

ፋየርዎሉ አንድ መስመር ነው፦ «ሱዶ ዩኤፍደብሊው አላው ፍሮም 10.10.1.20 ቱ ኤኒ ፖርት 161 ፕሮቶ ዩዲፒ»። ሰርቪሱን አስነሱ።

ሙከራውን ከመከታተያው ማሽን ሆናችሁ «ኤስኤንኤምፒዎክ» በሚለው ትእዛዝ 1.3.6.1.2.1.31.1.1.1.6 ላይ አድርጉ። ትእዛዙን ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ስፔስ ምቱ፤ ኡቡንቱ ላይ ባሽ በስፔስ የጀመረን ትእዛዝ ሂስትሪው ውስጥ አያስቀምጥም፣ ፓስወርዳችሁም አብሮ አይቀርም። ትእዛዙ ላይ የጻፋችሁት አድራሻ የሚገባውን ትራፊክ በ64 ቢት ይቆጥራል። የድሮው የ32 ቢት ቆጣሪ 4 ጊጋባይት ገደማ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። የ1 ጊጋቢት መስመር ሞልቶ ሲሄድ ይህ 34 ሰከንድ ያህል ነው የሚፈጅበት። በየአምስት ደቂቃው የሚጠይቅ መከታተያ በዚያ ላይ የሚሥለው ግራፍ ውሸት ነው።

ቁጥር ከመጣ ጨርሳችኋል። ስሙ ወይም የመጀመሪያው ፓስወርድ ከተሳሳተ ቨርዥን 3 በግልጽ ይነግራችኋል። ዝም ብሎ ታይምአውት ካለ ግን ፓስወርድ ከመቀየራችሁ በፊት ሰርቨሩ ላይ «ሱዶ ቲሲፒደምፕ ፖርት 161» ብላችሁ እንደገና ሞክሩ። ጥያቄው ጭራሽ ካልታየ ችግሩ መንገድ ላይ ነው፤ ስዊቹን ወይም ራውተሩን እዩ። ጥያቄው ደርሶ መልስ ካልወጣ ግን ወይ ፋየርዎሉ ነው፣ ወይ ያ የ127.0.0.1 መስመር ሳይነካ ቀርቷል፣ ወይ ሁለተኛው ፓስወርድ ተሳስቷል።