የገበያ ቀን የካርድ ክፍል ሰልፍን እንዴት እናሳጥር?

ጎጃም ውስጥ ጤና ጣቢያ የሠራ ሰው የገበያ ቀንን ያውቃል። ከገጠር ቀበሌ የሚመጣው ሰው እህሉን ሸጦ፣ ጨውና ዘይቱን ገዝቶ፣ በዚያው ልጁን ማሳከም ይፈልጋል። ለሕክምና ብቻ ብሎ ሌላ ቀን ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ አይመጣም፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ ረፋዱ ላይ ካርድ ክፍሉ በር መተላለፊያ የለውም። ጥራት ማሻሻል ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ስልጠና፣ አበልና ፋይል ውስጥ የሚገባ ቃለ ጉባኤ ነው። እኔ ግን ከዚህ በር ጀምሩ ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ለኩ። ሁሉን ሰው መቁጠር አያስፈልግም። ለየአምስተኛው ታካሚ ብጣሽ ወረቀት ስጡ። ግቢ የገባበትን ሰዓት ዘበኛው ይጻፍ፣ ካርዱ የወጣበትን ካርድ ክፍል፣ የታየበትን ደግሞ ባለሙያው። 11 ወረቀት ሲሞላ ታካሚው ግቢ ከገባ እስኪታይ የጠበቀውን ጊዜ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩና 6ኛውን፣ መሃል ላይ ያለውን፣ ያዙ። አማካይ ከወሰዳችሁ ካርዱ ጠፍቶ እስከ ከሰዓት የተጉላላ አንድ ሰው ቁጥሩን ያዛባዋል።

ዘበኛውና የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ የሌሉበት የጥራት ቡድን ደግሞ ባይቋቋም ይሻላል። ማን ቀድሞ እንደመጣ፣ ማን በዘመድ እንደገባ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ቀጥሎ ግባችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ለምሳሌ «በ3 ወር ውስጥ ታካሚ በገበያ ቀን የሚጠብቀውን ጊዜ ከ2 ሰዓት ወደ 1 ሰዓት ማውረድ»። «አገልግሎቱን ማሻሻል» ግብ አይባልም፤ መድረሳችሁን በምን ታውቃላችሁ?

ጊዜው የሚባክነው ካርድ ፍለጋ ላይ ከሆነ ለምን እያላችሁ ውረዱ። ካርዱ ለምን አልተገኘም? ታካሚው ቁጥሩን አልያዘም። ለምን? የተሰጠው ወረቀት ኪስ ውስጥ አልቋል። ታዲያ በስም ለምን አልተፈለገም? እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ያው አንድ ሰው አምና «ኃይሉ»፣ ዘንድሮ «ሀይሉ»፣ በሌላ እጅ ጽሑፍ ደግሞ «ሐይሉ» ሆኗል። ሦስት ቦታ ይፈለጋል፣ ካልተገኘ አዲስ ካርድ ይወጣል፣ የድሮው የሕክምና ታሪኩም እዚያው መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

መፍትሔው ትንሽ ይሁን። የስም ማውጫው ላይ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ሁሉ በ«ሀ» ብቻ ይጻፉ። የጤና መድን አባል ከሆነ ደግሞ የካርድ ቁጥሩ በመድን ደብተሩ ጀርባ ይጻፍለት፤ ደብተሩን እንደ ብር ነው የሚይዘው።

ይህን በአንድ ጊዜ በመላው ጤና ጣቢያ አታውጁት። ገበያው ማክሰኞ ከሆነ በአንድ ማክሰኞ፣ በአንድ መስኮት ሞክሩ። ምን እንደምትጠብቁ አስቀድማችሁ ጻፉ፣ ሞክሩት፣ የሆነውን ከጠበቃችሁት ጋር አስተያዩ፣ ከዚያ አጽድቁት ወይም ቀይሩት ወይም ተዉት። ማቀድ፣ መሞከር፣ ማጥናት፣ መወሰን የሚባለው ዑደት ይኸው ነው፤ ከስታቲስቲክስ ባለሙያው ዋልተር ሼዋርት ሐሳብ ተነስቶ የሙያ አጋሩ ኤድዋርድስ ዴሚንግ ያስፋፋው። ባለመድኖቹ ሲፈጥንላቸው በኪሳቸው የሚከፍሉት እንዳይዘገይባቸውም ለኩ። ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ውጤቱን ባለካሬ ወረቀት ላይ በየሳምንቱ አንድ ነጥብ አድርጋችሁ ሳሉ፣ ከለውጡ በፊት የነበረውንም መሃል በመስመር አሳዩ። አንድ ማክሰኞ ቢወርድ አትጨብጭቡ፤ ዝናብ ዘንቦ ገበያተኛው ቀርቶ ይሆናል። 6 ነጥቦች ተከታትለው ከመስመሩ በታች ከዋሉ ግን ለውጡ እውነተኛ ነው ማለት ይቻላል። ገበያው በሳምንት አንዴ ስለሆነ ቢያንስ 6 ሳምንት ትጠብቃላችሁ፣ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ቢያጣድፋችሁም።

ከያዘላችሁ አሠራሩን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ካርድ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ሠራተኛዋ ዝውውር ስትወጣ ተተኪዋ «ኃይሉ»ን በየትኛው ፊደል እንደምትፈልግ ከዚያ ታያለች።